የስፌት ጥያቄና መልስ፦ ለወንድ ሕፃን የ1850ዎቹ ቀሚስ

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበናል። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ልብስ ዙሪያ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ወንድ ሕፃናት ይለብሱት በነበረው ነጭ ቀሚስ። አንዱ ውጭ አገር ካለ ደንበኛ ትዕዛዝ መጥቶለት፣ ሌላው ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ፣ ሌላዋ ደግሞ ለልጅ ልጇ ክርስትና ብላ ነው የምትጠይቀን። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለች ደንበኛዬ የ9 ወር ወንድ ልጇን ፎቶ ልታስነሣው አስባ፣ በ1850ዎቹ የፈረንጅ ልጆች ይለብሱት የነበረውን ዓይነት ቀሚስ በእኛ አገር ሸማ እንድሰፋላት አዘዘችኝ። የላከችልኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ወርዱ 85 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸማ ስንት ሜትር ልግዛ? እንዴትስ አድርጌ ልቁረጠው? (ልብስ ሰፊ፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሸማው ሳይታጠብ መቀስ አይንካው። በእጅ የተሠራ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ደግሞ ሸማኔው ማጉን አጥብቆ እንደመታው ወይም እንዳላላው ይለያያል። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጠው በሙቅ ውኃ ይጠቡ፤ ሲደርቅ ተኩሰው በቁመትም በወርድም ይለኩት። 18 ሆኖ ከተገኘ ከመቶ 10 እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ሲገዙ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ጨርቁን ዘርግተው በአውራ ጣትዎ ጥፍር ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት። ክሮቹ ተንሸራተው ቀዳዳ ከከፈቱ ያ ሸማ ለነጠላ እንጂ ለስፌት አይሆንም፤ ሕፃኑ ክንዱን ባነሣ ቁጥር ብብቱ ላይ ስፌቱ ጨርቁን ለቆ ይወጣል። ሸማኔ የሚያውቁ ከሆነ ስስ ሆኖ ጠበቅ ብሎ የተመታ ያሠሩ። ያ ዘመን ለሕፃናት ይመርጥ የነበረው ስስና ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጥጥ ስለሆነ ለዋናው የሚቀርበው እሱ ነው።

የ9 ወር ልጅ ደረት ብዙውን ጊዜ 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቢሆንም ፎቶውን ብቻ አይመኑ፤ ደንበኛዎ የደረቱን ዙሪያ፣ የክንዱን ዙሪያና ከአንገቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያለውን ለክታ ትላክልዎ። ከዚህ በታች ያለው ለ46 ደረት ነው፤ ለመንቀሳቀሻ 6 ጨምረን ያለቀውን ልብስ 52 አድርገነዋል።

ለጉርዱ በሸማው ሙሉ ወርድ 2 ቁራጭ ይውሰዱ፤ የእያንዳንዱ ቁመት 48 ይሁን። ለፊት ወርዱ 36፣ ቁመቱ 18 የሆነ 1 ቁራጭ፤ ለጀርባ ወርዱ 23፣ ቁመቱ 18 የሆነ 2 ቁራጭ። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው 82 ስለሚሆኑ ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ይወጣሉ። ሸማው ሲታጠብ ወርዱ ከ82 ካነሰ ግን ጀርባውን ለብቻው ሌላ ረድፍ ያድርጉትና 20 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይግዙ። እጅጌው ወርዱ 30፣ ቁመቱ 14 የሆነ 2 ቁራጭ ነው። ለወገቡ 57 በ7፣ ለእጅጌው ማሰሪያ 20 በ5 የሆኑ 2 ቁራጮች። ሁሉም ሲደመር ከታጠበ ሸማ 1 ሜትር ከ40 ይበቃል፤ ካልታጠበው ግን ለሙከራ የሚቆረጠውን ጨምረው 1 ሜትር ከ80 ይግዙ። ወርዱ 150 የሆነ የሱቅ ጥጥ ከሆነ 1 ሜትር ይበቃል።

የፊቱን ቁራጭ ለሁለት ያጥፉት። እጥፋቱ ላይ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ምልክት ያድርጉ፤ የአንገቱ ግርጌ ይህ ነው። ከእጥፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ትከሻው ይጀምራል፣ 15 ላይ ያልቃል፤ ውጭው ጫፍ በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ትከሻው ጠባብ መሆኑ አያስደንግጥዎ፤ የዚያ ዘመን የሕፃን ቀሚስ አንገቱ ሰፊ፣ ትከሻ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ነበር። ከትከሻው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ወርደው ብብቱን በጎድጓዳ መስመር ወደ ጎን ያውጡት። ጀርባውም በዚሁ መንገድ ይቆረጣል፤ አንገቱ ግን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ዝቅ ይላል። ከእያንዳንዱ ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ታጥፎ መዝጊያ ይሆናል።

ፊቱ ላይ መካከለኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከአንገቱም ከወገቡም በኩል፣ ሸብሽበው ወደ 12 ያውርዱት። ሽብሽቡን እስከ ብብት ድረስ መውሰድ የብዙ ሰፊዎች ስሕተት ነው፤ ልጁ ወፍሮ ይታያል፣ ክንዱም ይያዛል። ከዚያ ትከሻውን ይግጠሙ፤ እጅጌውን ጎኑ ሳይዘጋ፣ ጨርቁ ጠፍጣፋ እንዳለ ያስገቡ፤ ቀጥሎ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ወገብ በአንድ ስፌት ይዝጉ። ጎኑን በድርብ ስፌት ያድርጉት፦ መጀመሪያ የጨርቁን ውስጠኛ ገጽ ከውስጠኛው ገጥመው ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ፤ ጠርዙን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይከርክሙ፤ ገልብጠው በ6 ሚሊ ሜትር ደግመው ይስፉ። የክሩ ጭራ በሙሉ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ክርክሙ ከተዘለለ ግን የፈትሉ ጭራ በውጭ በኩል ጢም አብቅሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔ የለውም። ኦቨርሎክ (ጠርዙን በክር የሚጠቀልለው የመኪና ስፌት) ለዚህ ልብስ አይሆንም፤ ለዘመኑም እንግዳ ነው፣ የሕፃኑንም ቆዳ ይፍቃል።

አንገቱን 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው በሰያፍ በተቆረጠ ጨርቅ ይክበቡና ውስጡ ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ ያሳልፉ። ሲሳብ አንገቱ ይጠባል፣ ልጁ ሲያድግ ይላላል። ጥብጣቡን ፊት መካከል ላይ በ3 ወይም በ4 የእጅ ስፌት ከጨርቁ ጋር ይያዙት፤ ካልተያዘ ተስቦ ይወጣና አንገት ላይ ይጠመጠማል። ጀርባ ላይ የሚታሰረው ጫፍ አጭር ይሁን፤ ደንበኛዎም ልጁ በዚህ ልብስ እንዳይተኛ በጽሑፍ ይንገሯት። ጉርዱ ላይ 4 አግድም እጥፋት ይሰፋል፤ ስሌቱ ከታች ለዳንግላ በሰጠነው መልስ ውስጥ አለ። ከኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ተተርትሮ መክፈቻ ይበጅለት፤ ተሸብሽቦ ወገቡ ላይ ሲገባ ልብሱ አለቀ። የተጠናቀቀው ቀሚስ ከአንገት እስከ ታች 47 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአልባሳት ታሪክ የቤት ሥራ አለብኝ። አስተማሪዬ «ይህ የሴት ልጅ ቀሚስ ነው» ብለው መለሱብኝ። የወንድ መሆኑን በምን ላስረዳ? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከሆነ ማስረዳት አይቻልም፣ አስፈላጊም አይደለም። በዚያ ዘመን የወንዱም የሴቷም ሕፃን ልብስ አንድ ነበር፤ ነጭ፣ ከኋላ የሚዘጋ። ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚባለው ልማድ የተረጋገጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ገና 2 ዓመት ተኩል ሳለ በ1884 የተነሣው ፎቶ በሰፊው ይታወቃል፤ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ጸጉሩ ረዝሞ ትከሻው ላይ ወርዶ ነው የሚታየው። ለአስተማሪዎ ይህን ፎቶ ያሳዩ።

ምክንያቱ የእጅ ሥራና የኑሮ ጉዳይ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ያልጀመረ ልጅ ቀሚስ ከለበሰ ጨርቁን መቀየር ይቀላል፤ ቀሚስ ደግሞ ልጁ ሲያድግ ይረዝማል፣ ሱሪ ግን ይጠባል። ወንዱ ልጅ ሱሪ የሚታጠቀው እንደየቤቱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነበር፤ ቀኑም በቤተሰብ የሚከበር ቀን ነበር። በእኛም ገጠር ትንሽ ልጅ ሱሪ ሳይታጠቅ በረጅም እጀ ጠባብ መዋሉ ለማንም እንግዳ አይደለም።

ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጅ የሚሰፉ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይታያል። የወንዱ ብዙውን ጊዜ ከፊት ወይም ከጎን በቁልፍ ይዘጋል፤ ሽብሽቡ ቀንሶ ሰፋፊ የቁም እጥፋት ይበዛበታል፤ ዳንቴሉ አንሶ ደረቱና ጠርዙ ላይ ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ እየተጠማዘዘ ይሰፋበታል። ጸጉሩም ወደ ጎን ተከፍሎ ይበጠራል። ዘመኑንም ይለዩ። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ወገቡ ብብት ሥር ነው፣ ጉርዱም ጠበብ ያለ ነው። በ1850ዎቹ ወገቡ ወደ ተፈጥሮ ቦታው ወርዶ፣ አንገቱ ሰፍቶ፣ እጅጌው አጥሮ ይገኛል። በ1880ዎቹ ደግሞ ወገቡ ዳሌ ላይ ይወርዳል፣ አንገቱ ከፍ ይላል፣ እጅጌው ይረዝማል። የ1850ዎችን አንገት ከ1880ዎች ወገብ ጋር ማዳቀል በቤት ሥራዎ ላይ ነጥብ የሚያስቆርጥ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ጉርዱ ላይ 6 አግድም እጥፋት ሰፋሁ። አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ጎን ዝቅ አለ። ሲያልቅ ደግሞ ቀሚሱ ካሰብኩት በ6 ሴንቲ ሜትር አጠረብኝ። ምን አጠፋሁ? (ዳንግላ)

መልስ፦ 6 እጥፋት፣ 6 ሴንቲ ሜትር። ለእያንዳንዱ እጥፋት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስበው ነው የቆረጡት። 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እጥፋት የሚበላው ጨርቅ 2 ነው፤ አንድ ሲወጣ፣ አንድ ሲመለስ። የጉርዱ ቁመት እንዲህ ይሰላል፦ ያለቀው 32፣ ለ4 እጥፋት 8፣ ለታችኛው ቅምቅማት 6፣ ለቅምቅማቱ ጠርዝ መመለሻ 1፣ ከላይ ወገብ ውስጥ ለሚገባው 1፤ ድምሩ 48።

መጣመሙ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ሸማው ራሱ ነው። በእጅ የተሠራ ጨርቅ ሲታጠብና ሲሰጣ ማጉ ይዘማል፤ በመቀስ ቀጥ አድርገው የቆረጡት መስመር ከማጉ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ታችኛውን ጠርዝ በክር ያቅኑት። ከዳሩ አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አንሥተው በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ጨርቁ ተሰብስቦ ተከትሎ ይመጣል፣ ክሩ የወጣበት ቦታ ላይም ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ይቀራል። ፈትል አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ስለሚቀጥን መሐል ላይ መበጠሱ አይቀርም፤ እስከ ተበጠሰበት ድረስ መስመሩን ተከትለው ይቁረጡና ያንኑ ክር እንደገና በመርፌ አንሥተው ይቀጥሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን ያለዚህ ቀጥ ያለ እጥፋት አይገኝም።

ሁለተኛው አለካክ ነው። አንዱን እጥፋት ሰፍቶ ከእሱ ላይ ቀጣዩን መለካት ትንሿን ስሕተት እያባዛ ወደ ላይ ይወስዳታል። ሁሉንም መስመር ሳይሰፉ፣ ጨርቁ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከታችኛው ጠርዝ ብቻ ተነሥተው ምልክት ያድርጉ። ለላይኛው ስሌት የመታጠፊያ መስመሮቹ ከጠርዙ 15 ተኩል፣ 19፣ 22 ተኩል እና 26 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋሉ። በየመካከላቸው 3 ተኩል አለ፤ 2ቱ ለእጥፋቱ፣ 1ዱ ተኝቶ ለሚሸፍነው፣ ግማሹ ለሚታየው ክፍተት። ከካርቶን 3 ተኩል ስፋት ያለው መለኪያ ቢቆርጡ ሜትር ከማንሣት ይገላግልዎታል። በጠመኔ ፋንታ ጥፍር ወይም የማንኪያ ጀርባ ይጠቀሙ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ባለቀለም ጠመኔ ካውያ ሲያርፍበት አይለቅም።

የጉርዱን ሁለት ጎን አስቀድመው ይግጠሙ፣ እጥፋቱንም ዙሪያውን ይስፉ፤ የኋላውን መክፈቻ በመጨረሻ ይተርትሩ። ለእጥፋቱ የጥጥ ክር፣ 3 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ላላ ያለ ስፌት ይጠቀሙ። እነዚህ እጥፋቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ልጁ ሲያድግ አንድ አንዱን እየተረተሩ ቀሚሱን በ2 ሴንቲ ሜትር ለማስረዘም የተቀመጡ ናቸው። በጠንካራ የፖሊስተር ክር አጥብቆ የሰፋቸው ሰው ልብሱን ለአንድ ቀን ፎቶ ብቻ ሠራው ማለት ነው፤ ሲተረተርም ክሩ ሳይሆን ፈትሉ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ ወፈር ያለ ፈትል ነው ያለኝ። ጉርዱን በመኪና ስሸበሽበው ክሩ ይበጠሳል፤ ወገቡም ወፍሮ እንደ ገመድ ይሆናል። (ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ መጀመሪያ ስፋቱን ይቀንሱ። 170 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ወደ 52 የሚገባው ለስስ ሸማ ነው፤ ለወፍራሙ 130 ይበቃል። የሚሻለው ደግሞ መኪናውን ትቶ በእጅ መሸብሸብ ነው፤ በ1840ዎቹ የአዋቂ ሴቶች ቀሚስ ወገብ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነበር።

የጉርዱን ላይኛ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ያጥፉ (ሲቆርጡ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይቁረጡ)። ጠንካራ ክር በድርብ ይዘው፣ እጥፋቱ ሥር 5 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ታች እያሉ ዙሪያውን ይሂዱ። ከሱ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለው ሁለተኛ ረድፍ ይጀምሩ፤ የሁለተኛው መርፌ መግቢያና መውጫ ከመጀመሪያው ጋር በትክክል ፊት ለፊት መሆን አለበት። ሁለቱን ክር አንድ ላይ ሲስቡ ጨርቁ ጎን ለጎን የቆሙ እኩል እጥፋቶች ይሠራል። ከዚያ ያለቀውን የወገብ ቁራጭ ከላይ አድርገው እያንዳንዱን እጥፋት በአንድ በአንድ ስፌት ከታችኛው ጠርዙ ጋር ያያይዙ። ጨርቁ ወገቡ ውስጥ ስለማይገባ ውፍረቱ ይጠፋል፤ ጉርዱም ከወገቡ ሥር ፈንጠር ብሎ ይወርዳል። ረድፎቹ ካልተገጣጠሙ እጥፋቱ ይዘበራረቃል፤ ያኔ ሁለተኛውን ረድፍ ብቻ አውጥቶ ደግሞ መስፋት ይሻላል።

በመኪና ብቻ መሸብሸብ ካለብዎ ጉርዱን ለ8 ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይሸብሽቡ። የላይኛውን ክር ያላሉ፣ ስፌቱን ወደ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ያስረዝሙ፤ ሲስቡም የታችኛውን ክር ብቻ ይሳቡ።

ጥያቄ፦ ሲንጀር መኪና ብጠቀም «የ19ኛው ክፍለ ዘመን» ለመባል ያበላሻል? ቁልፉስ? የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥለት ባስገባስ? (ሞጣ)

መልስ፦ ኢሊያስ ሃው የመኪና ስፌት የፈጠራ መብት ያገኘው በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 ነው። ቀሚሱ የ1830ዎቹ ከሆነ ሁሉም በእጅ ይሰፋ። ከ1850ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከሆነ ረጃጅሙን ስፌት በመኪና፣ አንገቱን፣ የቁልፉን ቀዳዳና ማጠናቀቂያውን በእጅ ማድረግ ለዘመኑ ትክክል ነው። በእጅ የምትዞረው አሮጌ ሲንጀር ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለምትሰፋ ለዚህ ሥራ ከአዲሶቹ ትመረጣለች። ለስስ ሸማ 70 ቁጥር መርፌ፣ ወፈር ላለው 80፣ የስፌቱ ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር። ዚፕና ላስቲክ አይግቡበት።

ቁልፉ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ነጭ የሰደፍ ቁልፍ ይሁን፤ በድርብ ክር ሰፍተው በኃይል ጎትተው ይሞክሩት፤ የላላ ቁልፍ ሕፃን አፍ ውስጥ ነው የሚገባው። በጀርባው ለሚተኛ ልጅ ከቁልፍ ይልቅ ጥብጣብ ይመቻል፣ ለዘመኑም እኩል ትክክል ነው። ባለቀለም ጥለት ከገባበት ልብሱ የጎጃም ልብስ ይሆናል፤ ያምራል፣ ግን የዚያ ዘመን ቅጂ መሆኑ ያበቃል። ነጭ በነጭ የተሠራ ጥለት ያለው ሸማ ካገኙ ለሁለቱም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። እናቱ ፈረንጆቹ ድሮ ያለብሱት የነበረውን ረጅሙን የክርስትና ቀሚስ ፎቶ አይታ ወደደችው። ልሰፋላት እችላለሁ፤ ግን ልጁ እንዳይበርደው እፈራለሁ። (አያት፣ ቢቸና)

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ያዩት ረጅም ቀሚስ ከሕፃኑ እግር አልፎ ብዙ የሚወርድ ነው። በጣም የታወቀው በ1841 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና የተሠራው የሐርና የዳንቴል ቀሚስ ነው፤ በቤተሰቡ ለትውልድ ሲለበስ ኖሮ ጨርቁ ስለደከመ አምሳያው ተሠርቶ በ2008 መለበስ ጀመረ። የእርስዎም ከአንዱ የልጅ ልጅ ወደሚቀጥለው ሊተላለፍ ይችላል፤ ለዚያ ግን ከስፌቱ ውጭ የሚተርፈውን ጨርቅ አይቆጥቡበት።

ለቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሁለት ነገር ይለውጡ። አንደኛ ርዝመቱ ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁም። የክርስትና አባቱ ሕፃኑን ሲታቀፈው የተንዠረገገ ስስ ጥጥ ጧፍ አጠገብ ይደርሳል፤ ጥጥ ደግሞ እሳት ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። ሁለተኛ ሕፃኑ ለጥምቀት ራቁቱን ስለሚሆን ልብሱ እርጥብ ገላ ላይ ቶሎ መግባት አለበት። ስለዚህ ከኋላ ከአንገት እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ በ4 ጥንድ ጥብጣብም ይታሰር። አንገቱ ላይ የሚሳብ ጥብጣብ አያድርጉ፤ ማተቡ ስለሚታሰርለት ሁለቱ ይጠላለፋሉ። አንገቱን በሰያፍ ጨርቅ ጠፍጣፋ አድርገው ይክበቡት። እጅጌው ረጅም ይሁን፤ የእርስዎ ሦስት ጣት ገብቶ የልጁን እጅ ስቦ ለማውጣት የሚበቃ፣ ማለትም ጫፉ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይኑረው።

በ40 ቀን የልጅ ደረት 38 አካባቢ ስለሚሆን ልብሱ 46 ይሁን። የጉርዱ ያለቀ ቁመት 60 ከሆነ በ4 እጥፋት የሚቆረጠው 76 ነው። ካልታጠበ ባለ85 ወርድ ሸማ፣ ለረጅሙ እጅጌ ጨምረን፣ 2 ሜትር ከ60 ይግዙ።

ስለ ብርዱ፦ የዚያ ዘመን ሰዎች ቀሚሱን ለብቻው አያለብሱም ነበር። መጀመሪያ ስስ ሸሚዝ፣ በላዩ የሱፍ ፍላኔላ፣ በላዩ ነጭ የውስጥ ልብስ፣ ከዚያ ቀሚሱ ነው። ለቢቸና ጠዋት ሸሚዙና እጅጌ የሌለው ፍላኔላ ይበቃሉ፤ ፍላኔላው ከቀሚሱ በ4 ሴንቲ ሜትር ይጠር፣ እሱም ከኋላ ይከፈት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድዎ በፊት ሦስቱንም አንዱን በአንዱ ውስጥ፣ እጅጌ በእጅጌ አስገብተው ዘርግተው ይጠቅልሉ። ከውኃው ሲወጣ ልጁን ያደርቁታል፣ በደረቱ በኩል አንድ ጊዜ ያስገቡታል፣ ከኋላ ያስራሉ። ሦስት ጊዜ ከማልበስ አንድ ጊዜ ማልበስ ነው ከብርድ የሚያድነው። ሜሮን የነካውን ልብስ መቼና እንዴት እንደሚያጥቡ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የሰፋሁት ነጭ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ። (እንጅባራ)

መልስ፦ ስታርች አድርገው ነው ያስቀመጡት ብለን እንገምታለን። ስታርችና በደንብ ያልለቀቀ ሳሙና ሲቆዩ ጨርቁን ቢጫ ያደርጉታል፤ የልጅ ወተት ጠብታም ሲታጠብ ባይታይ ከወራት በኋላ ይወጣል። በረኪና አይጠቀሙ፤ ፈትሉን ያደክመዋል፣ እጥፋቶቹም መታጠፊያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ አሳድረው፣ ሳያሹ እየጫኑ ውኃው እስኪጠራ ያለቅልቁና እርጥቡን ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ አንዴ ካልለቀቀ ይድገሙት። በእንዶድ ካጠቡት ማለቅለቁን የበለጠ ያብዙ፤ ቅሪቱ የሕፃን ዓይን ያቃጥላል። የከሰል ካውያ ከሆነ ከታች ያለውን ፍም አራግፈው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ቀሚሱን ገልብጠው ይተኩሱ። ሲያስቀምጡ ያለ ስታርች፣ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ ፌስታል ውስጥ ሳይከቱ፤ በየጥቂት ወሩም አውጥተው በሌላ መስመር ያጥፉት።